በር ጠባቂዋ ንብ

ተረት ተረት ስል የላም በረት በሉኝ። በአንድ ዋርካ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ፣ ማር የተረፈው የንብ መንጋ ይኖር ነበር። ከጥጋብ ብዛት ሌሎቹ ጥበቃውን ስለተዉ፣ በር የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ንብ ብቻ ቀረች። አንድ ቀን ሰም የሚበላው ብል ደጁ ላይ ዐረፈና፣

«እማማ፣ ምን ያደክምዎታል? ቅድመ አያቶችዎ ተርበው ሠሩ፤ ልጆቻቸው ጠግበው ተኙ፤ እኛም ሰማቸውን ልንበላ ገባን። የእናንተም ነገር ያው ነው» አላት።

«አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅህም» አለችው።

ወደ ውስጥ ገብታ፣ «ማሩን ትተን እንውጣ!» ብትል የጠገቡት ሳቁባት። አንዲት ወጣት አውራ ንብና ጥቂት ሌሎች ንቦች ግን ተከትለዋት ከወንዙ ማዶ የገደል ስንጥቅ ውስጥ ሰፈሩ። ዋርካውን ብል ወረሰው። በገደሉ አዲስ ሰም ተሠራ፤ ትናንሽ ንቦችም ተፈለፈሉ። አሮጊቷም አበባ ከማሳየቷ በፊት ወስዳ በር እንዲጠብቁ ደጁ ላይ አቆመቻቸው።