በሙታን ማዕድ ላይ የተቀመጠው ፒዛ

አንድ ሰው ነበረ፤ በሜክሲኮ አገር የሚኖር ገበሬ። በዚያ አገር በየዓመቱ የሙታን በዓል ይከበራል። ሰዎች በየቤታቸው ማዕድ ያሰናዳሉ፤ በላዩም የሞቱባቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ፣ ሻማ፣ ቢጫ አበባና ሟቾቹ በሕይወት ሳሉ ይወዱት የነበረውን ምግብ ይደረድራሉ። የሄዱት በዚያ ቀን ቤታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ይላሉ።

ለገበሬው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ይህ የመጀመሪያው በዓል ነበር። ማዕዱን አባቱ እንዳሳየው አድርጎ በገዛ እጁ አዘጋጀ። የበቆሎውን ቂጣ መሐል ላይ አኖረ። ልጁ የኤሌክትሪክ መብራት ላንጠልጥል ቢለው ከለከለው።

ረፋድ ላይ የልጅ ልጁ ሲትላሊ ከከተማ መጣች። የከተማ ወጣቶች ለበዓሉ እንደሚያደርጉት ፊቷን የራስ ቅል አስመስላ ተቀብታለች። በእጇ ፒዛ ይዛለች። ወደ ማዕዱ ስትጠጋ አያቷ ፊቷ ቆመ።

«ይህ የባዕድ ምግብ ነው» አላት። «ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የበቆሎ ሰው ነበረች። ፊትሽን ታጠቢ፤ ያንንም አውጪልኝ።»

 ልጅቷ ፒዛዋን እንደያዘች ወደ በሩ ዞረች። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠችው የገበሬው ታላቅ እህት ተናገረች።

«ወንድሜ፣ አባታችን የእናታችንን ፎቶግራፍ መጀመሪያ ማዕዱ ላይ ያቆመ ቀን አያታችን ‹ሙታን ወረቀት አይፈልጉም› ብለው ተቆጥተው ወጥተዋል። አንተ ገና ሕፃን ነበርህ። የእናትህን መልክ ያወቅኸው ግን በዚያ ወረቀት ነው።»

ገበሬው ልጅቷን ከበሩ መለሳት። «ለምንድን ነው ይህን ያመጣሽው?» ሲል ጠየቃት።

«እማማ ከመሞታቸው በፊት ከተማ እኔ ጋ ሆነው ሲታከሙ እህል አልወርድ ብሏቸው ነበር» አለች። «አንድ ቀን የኔን ፒዛ ቀመሱና ወደዱት። ከዚያ ወዲያ አብረን እንበላ ነበር። ‹ለአያትሽ እንዳትነግሪው፤ በቆሎን ከዳሽ ይለኛል› ይሉኝ ነበር።»

ገበሬው ሳቀ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ ያየው ሰው አልነበረም። ቂጣውን ገፋ አድርጎ ከፎቶግራፏ አጠገብ ቦታ ለቀቀ።

«እዚህ አስቀምጪው» አላት። «ከዚያ ቁጭ በይና ሌላም የማላውቀው ካለ ንገሪኝ።»

ልጅቷም ቀለሟን ሳታጥብ አጠገቡ ተቀመጠች። ቤተሰቡም ዙሪያቸውን ሆኖ ስለ ሟቿ ሲጨዋወት ዋለ።

አንተም ልጆችህ የአባቶችህን በዓል በዘመን አመጣሽ ነገር እንዳበላሹብህ ነግረኸኝ፣ «ልከልክላቸው ወይስ ዝም ልበል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ገበሬው አንተ ነህ። አዲስ ነገር ይዘው ሲመጡ መንገድ አትዝጋባቸው፤ ስለ ማን ብለው እንዳመጡት ጠይቃቸው። የሚታሰበውን ሰው ካወቁ በዓሉ በእጃቸው አለ፤ አትፍራ። ካላወቁት ግን ጥፋቱ የፒዛው አይደለም፤ ቁጭ ብለህ አልነገርሃቸውም። ሂድና ንገራቸው።