የትራይሎባይቱ ስም

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን ቆጥሬ አልዋሻችሁም፣ የአንዲት እናት ሦስት ልጆች ነበሩ። ይርዳው የድንጋይ ካባ ውስጥ ፈላጭ ነው፤ መዶሻው ካረፈ ድንጋዩ እሱ ባለው መስመር ይከፈትለታል። ዘርፌ በመርፌ ድንጋይ እየፈለፈለች ፀጉር የሚያህል ነገር ሳትሰብር ታወጣለች። መኳንንት ደግሞ የተማረ ነው፤ ጥንት የጠፉ እንስሳትን በየወገናቸው ይመድባል፤ አዲስ ወገን ሲገኝም ስም ያወጣለታል።

አንድ ቀን ይርዳው ካባው ውስጥ ድንጋይ ሆነው የቀሩ፣ ጎንና ጎኑ የተሸረፈ ጭንቅላትና አንድ ጅራት ለየብቻ አገኘ። የትራይሎባይት ነው፤ ሰው ሳይፈጠር ባሕር ውስጥ የኖረ፣ ጀርባው በቁመቱ ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ ቅርፊታም ፍጥረት።

መኳንንት አገላብጦ አየውና፣ «እንዲህ ያለ ወገን አላውቅም። ግን ይሄ ፍጥረት ሲያድግ ቅርፊቱን እየገፈፈ ይጥላል። ጭንቅላቱ የአንዱ፣ ጅራቱ የሌላው ቢሆንስ? ሙሉውን ካላየሁ አልሰይምም» አለ። እውነቱን ነው፤ ምን ያድርግ!

ይርዳው ወደ ካባው ተመለሰ። ከላይ ያለው ቋጥኝ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። «ኧረ ተው!» ቢሉት፣ «የወንድሜን ሥራ በግማሽ አላስቀርም» ብሎ ገባ። «መከራ ይምከረው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አፋችሁን ያዙ፣ ለወንድሙ ብሎ ነው። ቋጥኙ ተናደበት። ሲያወጡት ተኮራምቶ፣ አንድ ድንጋይ በእጁ ጨብጦ ነበር። ድንጋዩ ውስጥም ትራይሎባይቱ ሙሉ አካሉን ይዞ፣ ጭንቅላቱን ከጅራቱ ገጥሞ፣ ተኮራምቷል። አደጋ ሲመጣ እንዲያ ይጠቀለሉ ነበር አሉ። ሁለቱንም አላዳናቸውም።

ዘርፌ ከሐዘኗ ሳትወጣ መርፌዋን አነሳች። «ዓይኑን አውጪልኝ፤ ወገኑን የምለየው በዓይኑ ነው» አላት መኳንንት። ብናኙ ዓይኗን ሲያቃጥላት፣ «ይብቃሽ» ሲሏት፣ «ይርዳው የሞተበትን እኔ ልተወው?» እያለች ፈለፈለች። በመጨረሻ ጭንቅላቱ ሲጠራ ልሙጥ ሆኖ ቁጭ አለ። ለካ ፍጥረቱ ጭራሹን ዓይን አልነበረውም! ከሌላው ወገን የለየውም ይኸው ነው። ዘርፌ ይህን ያወቀችው በጣቷ ዳስሳ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብርሃኗ ጠፍቶ ነበር።

መኳንንት ስም ሊያወጣ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ የወጣ ስም አይሻርም። በሙያው ደግሞ በራስ ስም መሰየም ትልቅ ነውር ነው።

«ይርዳው ልበለው፤ ሕይወቱን ሰጥቶበታል» አለ።

«ይርዳው አይሰማም» አለች ዘርፌ። «እኔ እሰማለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ምን ቀረኝ?»

እናታቸው እማማ ትጓደድ ግን ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «የልጄን ገዳይ በልጄ ስም ልትጠሩልኝ? የልጄን ዓይን የበላውንስ በሷ ስም? አይሆንም! መኳንንት በለው። አንዱን ጉድጓድ፣ አንዷን ጨለማ ውስጥ የላክህ አንተ ነህ። ሲጠሩት በሰው ፊት እፈር።»

መኳንንት የስሙን ቦታ ባዶ ትቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። ሟቹ ነው፣ የታወረችው ናት፣ ወይስ የላካቸው? ያ ዓይን የሌለው ፍጥረት የማንን ስም ይሸከም?