ሁለቱ እህቶችና የጥርሳቸው ቀለም

አንድ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ሽንኩርት የሚያመርት ሰው ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ትልቋ ደብሪቱ፣ ትንሿ እታፈራሁ ይባላሉ። በዚያ አካባቢ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ያድጋል። የሁለቱም እህቶች ጥርስ እንደዚያ ነበር። በሰፈሩ ብዙው ሰው እንደነሱ ስለሆነ ልጅ እያሉ ግድ አልነበራቸውም። ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ግን «ጥርስሽን አትፍቂም እንዴ?» የሚል ሰው አላጡም። ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ሰው ፊት ስትናገር እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እታፈራሁ ደግሞ መሳቁን ራሱን ተወችው።

ዓመታት አለፉ። ደብሪቱ አግብታ ወልዳ የአባቷን ማሳ ተረከበች። ስለ ሽንኩርት በሽታም ሆነ ስለ ዘር ምርጫ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ የአካባቢው ሽንኩርት አምራቾች ማኅበር አባላት ሰብሳቢያቸው እንድትሆን ደጋግመው ጠየቋት። «ጊዜ የለኝም» እያለች ትመልሳቸዋለች። ጊዜስ ነበራት። ያልነበራት በሰው ፊት አፍ የመክፈት ድፍረት ነው።

እታፈራሁ ታጨችና የሠርጓ ቀን ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። ያን ጊዜ እህቷ ዘንድ መጥታ «እትዬ፣ በሠርጌ ቀን እንኳ አፌን ዘግቼ አልውልም። ጥርሴን አስነጣለሁ። አብረን እንሂድ» አለቻት።

ደብሪቱ ብዙ አላሰበችም። «እንሂድ» አለች።

ከተማው ውስጥ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ያገኟቸው ሐኪም ዶክተር ሰዒዳ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የሁለቱንም አፍ በጥሞና አዩና ቁጭ አድርገው አስረዷቸው።

«ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ድዳችሁን ሸፍኜ ኃይለኛ ማንጫ ጄል ጥርሳችሁ ላይ እቀባለሁ። እስኪያበቃ አጠገባችሁ ሆኜ እጠብቃለሁ። ለውጡ በዚያው ቀን ይታያል። ሁለተኛው ቤት የሚሠራ ነው። የጥርሳችሁን ልክ ወስጄ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አሠራላችኋለሁ። እሱ ላይ ለስለስ ያለ ጄል እየጨመራችሁ በየቀኑ ማታ ጥርሳችሁ ላይ ትለብሱታላችሁ። ለውጡ ቀስ ብሎ በሳምንታት ይመጣል። በሁለቱም ቀዝቃዛ ነገር ጥርሳችሁን ሊወጋችሁ ይችላል። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ የእናንተ ዓይነት ቀለም ይፈዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።»

ደብሪቱ ማሳዋን ጥላ መመላለስ ስለማትችል ቤት የሚሠራውን መረጠች። ጥርሷም ድዷም ጤነኛ ስለነበር ሐኪሟ ተስማሙ። እታፈራሁ «ለእኔ ፈጣኑ ይሁንልኝ» አለች።

ዶክተር ሰዒዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ መጀመሪያ መታከም አለብሽ። የኋላ ጥርስሽ ተቦርቡሯል፣ ድድሽም ይደማል። በዚህ ላይ ኃይለኛ ጄል አልቀባም። ጥርስሽ ይሞላ፣ ድድሽ ይዳን፤ ከዚያ እንጀምራለን።»

«ለሠርጌ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

«እንግዲያው ምን ይጠቅመኛል!» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ደብሪቱ ሽፋኑ ሲደርስላት ወደ ቤቷ ይዛው ገባች። ማታ ለብሳው ባሏ ጉደታ ገና ሲያያት ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሲመሽ ልብሱን ያወልቃል፤ አንቺ ጥርስ ትለብሻለሽ?» አላት። ጎረቤቶቿም ወሬው ደርሷቸው «ልጅ ከወለድሽ በኋላ ደግሞ እንደገና ልትዳሪ ነው?» አሏት። እሷም እየሳቀች ታልፋቸዋለች። የከበዳት መስታወቱ ነው። በየቀኑ ታየዋለች፣ በየቀኑ ያው ቡናማ ነው። ይባስ ብሎ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥርሷ ቀዝቃዛ ውሃ አላስጠጣ አላት። አንድ ቀን ማሳ ውስጥ ከጄሪካኑ ተጎንጭታ እንባዋ መጣ። እዚያው ቦዩ ዳር ተቀምጣ ለሐኪሟ ደወለች።

«ዶክተር፣ ልተወው መሰለኝ።»

«አሞሻል ወይስ ሰልችቶሻል?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። ትንሽ አሰበችና «ሁለቱም» አለች።

«ለሕመሙ አንድ ቀን አሳርፊውና በማግስቱ ልበሺ፤ ጄሉንም ቀንሺ። ካልተሻለሽ ነይና ልይሽ። ለመሰልቸቱ ግን መድኃኒት የለኝም።»

ደብሪቱ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። አንድ ቀን አሳረፈችው። በማግስቱ እንደገና ለበሰችው። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ቢስቅም፣ መስታወቱ ምንም ባይላትም አላቋረጠችም።

እታፈራሁ በዚያው ሰሞን ገበያ ውስጥ ካለ ሱቅ ስም ያልተጻፈበት የጥርስ ማንጫ ጠርሙስ ገዛች። ሻጩ «እህቴ፣ ክሊኒኮቹም የሚቀቡት ይኸንኑ ነው። በሦስት ቀን እንደ በረዶ ያደርግሻል» አላት። በመጀመሪያው ቀን ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ትንሽ ፈዘዘና ደስ አላት። «ትንሹ ይህን ካደረገ ብዙው ምን ሊያደርግ ነው!» ብላ እጥፍ ቀባች። አፏ ውስጥም ከተነገራት በላይ አቆየችው። ድዷ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያም ተላጠ። የተቦረቦረው ጥርሷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ይነዝራት ጀመር። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ምግብ መዋጥ አቅቷት እህቷ ቤት መጣች።

«እትዬ፣ ያንን ሽፋንሽን አውሺኝ።»

«አይሆንም።»

«እስከ ሠርጌ ብቻ! ሐኪም የሰጡሽ ስለሆነ እኔንም አይጎዳኝም።»

«እሱ የተሠራው በእኔ ጥርስ ልክ ነው። አንቺ አፍ ውስጥ ይላላል፤ ጄሉ ድድሽ ላይ ይፈሳል። በዚያ ላይ ቆስለሻል። አላውስሽም።»

«ቀንተሽብኝ ነው!» ብላ እታፈራሁ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ቃሉ ደብሪቱን ወጋት። ልቅሶውን ለማስቆም ስትል ብቻ ሽፋኑን ልትሰጣት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ግን ጨከነች። «አልቅሺ» አለቻት። «ስታበቂ ጫማሽን አድርጊ፤ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን።»

ዶክተር ሰዒዳ አልተቆጡም። ቁስሉን አጥበው መድኃኒት ሰጧትና «ድድሽ ይድናል። እስከዚያ ግን ምንም ነገር እንዳትቀቢ» አሉ።

ሲመለሱ እታፈራሁ መናኸሪያው ጥግ ቆማ ለእጮኛዋ ለለሚ ደወለች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።  ሠርጉን ሊያስቀርባት መስሏት የእህቷን ክንድ ያዘች።

«እኔኮ ሰሞኑን ስደውልልሽ ስትዘጊብኝ ሐሳብሽን የቀየርሽ መስሎኝ እህል አልበላ ብሎኝ ነበር» አለ ለሚ። «ለካ ጥርስ ነው?»

እታፈራሁ በቡናማ ጥርሷና ባልሻረ ድዷ ተዳረች። ቀኑን ሙሉ ተደስታ ዋለች ብል መዋሸት ይሆንብኛል። ፎቶ በተነሱ ቁጥር አፏን ትገጥም ነበር። ይሁን እንጂ ሠርጉ አልፎ ሰው ሁሉ ነገሩን እርግፍ አድርጋ የተወችው ሲመስለው፣ ብቻዋን ተነስታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

«ዶክተር፣ አሁን የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ከየት እንጀምር?»

«ከተቦረቦረው» አሉ ዶክተር ሰዒዳ።

ጥርሷ ተሞላ። ድዷ እስኪጠና ጠበቀች። ከዚያ ያ የጓጓችለት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ድዷ ተሸፈነ፣ ጄሉ ተቀባ፣ ሐኪሟም አጠገቧ ሆነው ጠበቁ። በዚያው ቀን ለውጡ ታየ። ግን ጠቆር ያሉት ምልክቶች ስላልለቀቁ ሌላ ጊዜ እንድትመለስ ተነገራት። ለቀናት ቀዝቃዛ ነገር ጥርሷን ሲወጋት ሰነበተ። ቀጠሮዋን ግን አላጠፈችም።

አንድ ቀን ሁለቱ እህቶች ለክትትል አብረው መጡ። ዶክተር ሰዒዳ ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና መስታወት ሰጧቸው። የሁለቱም ጥርስ ያ ቡናማነቱ ለቆ ወደ ነጭነት ተቃርቦ ነበር። እዚህም እዚያም ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ቀርቷል። የቱ በወንበር የቱ በቤት እንደነጣ ማንም ሊለየው አይችልም።

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?» አለች እታፈራሁ።

«ቶሎ እንዲሆንለት ለሚፈልግና እዚህ መመላለስ ለሚችል ወንበሩ ይሻላል» አሉ ሐኪሟ። «ሩቅ ላለና ለሚታገሥ ቤቱ። ጥርሱን ሳያስመረምር ለሚጀምር ሰው ግን አንዳቸውም አይሻሉትም።»

በዚያ ዓመት ደብሪቱ የአምራቾቹ ማኅበር ሰብሳቢ ለመሆን እሺ አለች። በመጀመሪያው ስብሰባ ቆማ ተናግራ ስትጨርስ፣ ቱፋ የተባሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላ «ልጄ፣ ጥርስሽ ሲነጣ ደፈርሽ አይደል?» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አይደለም፣ ጋሽ ቱፋ» አለች ደብሪቱ። «የደፈርኩት ጥርሴ ገና ሳይነጣ ነው። እናንተ እየሳቃችሁብኝ፣ እኔም ምንም ለውጥ ሳላይ፣ በየቀኑ ስቀጥል።»

ወዳጆቼ፣ ወደምንፈልገው ነገር የሚያደርስ ፈጣን መንገድም ዘገምተኛ መንገድም ሊኖር ይችላል። ፈጣኑን መምረጥ ነውር የለበትም፤ ዘገምተኛውን መምረጥም ብቻውን ጽድቅ አይደለም። የሚጎዳን በቁስል ላይ መቀባት ነው። ለሌላ ሰው ልክ የተሠራውንም መዋስ ይጎዳናል። ያን ስህተት የሠራ ሰውም ተስፋው አልተቆረጠም፤ እንደ እታፈራሁ ተመልሶ «ከየት እንጀምር?» ማለት ይችላል።

እናንተስ? ዛሬ ላዩን ለማሳመር የምትታገሉለት ነገር ካለ፣ ውስጡ ያልታከመ ምን እንዳለ አይታችኋል?