ቀይዋ ነጥብ ያስቆመችው ኩኩሉ

አንድ ነገር ላውራ፤ ጆሮ ያላችሁ ስሙ፤ የሌላችሁ ተዋሱ።

ኤልዳና የአራት ዓመት ልጅ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተደበቀች። የፈለገችው አንድ ቃል ነው፤ «ኩኩሉ»። እናቷ ህሊና ከመሞቷ በፊት የድብብቆሽ ፕሮግራም ሠርታላት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አውራ ዶሮ ሲነካ በህሊና ድምፅ «ኩኩሉ» ይላል። ልጅቷ «አልነጋም» ትላለች። «ነጋ» እስክትለው ድረስ ይደጋግማል።

አባቷ ይታገሱ ፕሮግራሙን ህሊና ስትሠራው ትከፍተው በነበረበት መንገድ ከፈተ። ዶሮውን ነካ። ዝም።

«አባ፣ ለምን ዝም አለ?»

«ቆይ፣ እንጠይቀው።»

ዶሮ ዶሮ፣ ጩህ። «አልጮህም፤ ድምፅ አልመጣልኝም።»

ድምፅ ድምፅ፣ ውጣ፤ ዶሮ አልጮህም አለ። «አልወጣም፤ መስመር አልጠራኝም።»

መስመር ህሊና የጻፈችው ትእዛዝ ነው፤ አርባ አንደኛው። መስመር መስመር፣ ጥራ፤ ድምፅ አልወጣም አለ፤ ዶሮ አልጮህም አለ። «አልጠራም፤ ነጥብ አልለቀቀችኝም።»

ነጥብ ቀይ ናት፤ ከመስመሩ በስተግራ ተቀምጣለች። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ስህተት ሲፈልጉ ይተክሏታል፤ ፕሮግራሙ እሷ ጋ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቃል። ነጥብ ነጥብ፣ ልቀቂ፤ መስመር አልጠራም አለ፤ ድምፅ አልወጣም አለ፤ ዶሮ አልጮህም አለ። «አልለቅም፤ የተከለችኝ አልተመለሰችም።»

እውነቷን ነው። ህሊና ከነጥቧ አጠገብ «ነገ እመለስበታለሁ» ብላ ጽፋለች። ከተጻፈ ሦስት ወር ሆኖታል።

«አጥፋት በቃ!» አለች ኤልዳና።

ይታገሱ እጁን ዘረጋ፤ መለሰው። ይታገሱ ይታገሱ፣ አጥፋ፤ ነጥብ አልለቅም አለች፤ መስመር አልጠራም አለ፤ ድምፅ አልወጣም አለ፤ ዶሮ አልጮህም አለ። ይታገሱም አላጠፋም አለ።

«አባ፣ እግሬ ደነዘዘ።»

ለዳግማዊ ደወለ፤ ከህሊና ጋር አንድ ቢሮ ይሠራ ነበር።

«ቀይ ነጥብ ትታለች?» ዳግማዊ ሳቀ። «እሷ እኮ ነጥብ ስትተክል ሽንኩርት የምትተክል ነበር የምትመስለው። የነካንባት ቀን ደግሞ ቢሮው ይቀወጣል። ‹ነጥቤን የነቀለው ማን ነው?›»

«እና ምን ታደርጉ ነበር?»

«የሰው ነጥብ አናጠፋማ። እናስተኛታለን።»

«ምን ማለት ነው?»

«በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫናት። ‹አጥፋ› የሚለውን ተወው፤ ከሱ በታች ያለውን ያዝ። ከቦታዋ አትነሳም፤ ማንንም ግን አታስቆምም። አይዞህ፣ ወንድሜ።»

ይታገሱ ተጫነ። ነጥብ ቅላቷ ለቀቀ፤ ባዶ ክብ ሆና እዚያው ቀረች። ጽሑፉም እዚያው ቀረ።

ይታገሱ አስተኛ፤ ነጥብ ለቀቀች፤ መስመር ጠራ፤ ድምፅ ወጣ፤ ዶሮ ጮኸ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም! አባ፣ አንተም ግባ እንጂ!»

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም! ቶሎ በል፣ ትመጣለች!»

ይታገሱ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ለጉልበቱ ቦታ አልተረፈም፤ ውጭ ቀረ።

«ኩኩሉ!»

ኤልዳና አየችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ነጋ!» አሉ ሁለቱም።

እኔ እዚህ ቆምኩ፤ እናንተ እለፉ።