የአያ ጅቦ ዋስ

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ እህላቸውን በገዛ ጥርሳቸው በሚፈጩበት ዘመን፣ እመት ኤሊ የምትባል አንዲት ባልቴት ነበረች። እመት ኤሊ ዝግ ያለች ናት። እመት ኤሊ ቆጣቢ ናት። ከሁሉ በላይ ግን እመት ኤሊ ጠያቂ ናት። ዝናብ ሲመጣ ከየት መጣህ፣ ነፋስ ሲያልፍ ወዴት ነህ የምትል። ልክ እንደ እናንተ፣ ልጆቼ፤ እናንተስ መቼ ታሳርፉኛላችሁ?

ይህች ኤሊ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችውን አፍስሳ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ አቆመች። ድንጋዩ ተጠረበ፣ ቦዩ ተቀደደ፣ መዘውሩ ዞረ። የቀራት ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ እህሉን በቁና የሚሰፍር አንድ ሰፋሪ፣ እህል ጭነው መጥተው ከግቢዋ የሚያድሩትን አህዮች የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ።

እስቲ አስቡት። ከዚያ ግቢ አንዲት አህያ በአውሬ ብትበላ፣ ከዚያ ወዲያ ማን እህል ጭኖ ይመጣል? ወፍጮው ይቆማል፤ እመት ኤሊም በእርጅናዋ ባዶ እጇን ትቀራለች። ይህን ባሰበች ቁጥር አንገቷን ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ትቀብር ነበር።

የአገሩ ልማድ ደግሞ ያለ ዋስ ሥራ አያስገባም። ዋስ ማለት፣ ይህ ቢያጠፋ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ የሚቆም ነው።

መጀመሪያ አያ ጅቦ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው በሚያውቁት አገር መጥቶ ዘበኛ ልሁን አለ። ሥጋ ትቻለሁ፣ አሁን ጎመን ነው የምበላው ብሎ ማለላት። እመት ኤሊ ጅብ ይለወጥ ይሆን ብላ በጣም ገረማት።

«ዋስህ ማነው?» አለችው።

«እመት ጦጢት ናት» አላት።

ቀጥላ እመት ጦጢት መጣች። ሰፋሪ ልሁን አለች።

«ዋስሽ ማነው?»

«አያ ጅቦ ነው።»

በመጨረሻ ውሻ መጣ። እሱም ዘበኛ ልሁን አለ።

«ዋስህ ማነው?»

ውሻ ጆሮውን ጣለ። ዋስ የለኝም፣ ስጮህ ስለማድር ጎረቤት አይወደኝም አላት። እመት ኤሊም ልማድ ልማድ ነው ብላ አሰናበተችው። እዚህ ላይ ተሳስታለች፤ ተሳስታለች እላችኋለሁ፣ ግን ገና አላወቀችም።

ምሳዋን ስትበላ ግን ያ ጠያቂ ልቧ አላስበላ አላት። ጅቦ ቢያጠፋ ጦጢት ትጠየቃለች። ጦጢት ብታጠፋ ጅቦ ይጠየቃል። ሁለቱም ተስማምተው ቢያጠፉስ? ጎመኗን ትታ ተነሳች።

አያ ጅቦን አስጠራችውና እንዲህ አለችው፤ «የወዳጅህን ስም ሰማሁ፣ አያ ጅቦ። የምትጠብቀው ግን አህዮችን ነው። እንግዲያው ዋስህን ከአህዮች አምጣልኝ።»

አያ ጅቦ ወደ አህዮቹ መስክ ሄደ። ገና እንዴት ዋላችሁ ሳይል መስኩ ባዶ ሆነ። ተመልሶ ለእመት ጦጢት አለቀሰባት። እሷ ግን ብልሃት አይቸግራትም፤ ጎሬህ ውስጥ ያለውን አሮጌ የአህያ ቁርበት አምጣና እኔ ልልበሰው አለችው። ቁርበቱ የማን እንደነበረ እናንተም አትጠይቁኝ።

ቁርበቱን ለብሳ ከአያ ጅቦ ጋር ከወፍጮው ደረሰች። አያ ጅቦን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ እንደሱ አህያ የሚወድ አላየሁም ብላ መሰከረችለት።

እመት ኤሊ እግሯን አየች። ይህች አህያ ጣት አላት። ጭራዋን አየች። ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ጭራ ነው። ግን ወዲያው ልታጋልጣት አልፈለገችም፤ ነገሩ የት እንደሚደርስ ማየት አማራት።

«ደግ። ይቺን እህል ፈጭቼ እስክጨርስ ዋስና ባለዋስ እዚያ መዘውሩ አጠገብ ተቀመጡ» አለቻቸው።

ተቀመጡ። መዘውሩ ሲዞር ውሃውን ይረጫል። ቁርበቱ ረጠበ። የረጠበ ቁርበት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ይሸታል።

አያ ጅቦ ጦጢት ናት አለ በልቡ። ትንሽ ቆየ። ጦጢት ናት አለ። ምራቁን ዋጠ። ጦጢት ናት አለ። ልቡ ጦጢት ናት ሲለው አፍንጫው አህያ ናት አለው። በመጨረሻ አፉ አፍንጫውን ሰማና ዋሱን ከኋላዋ ግምጥ አደረጋት።

«እኔ ነኝ፣ አያ ጅቦ፣ እኔ ነኝ» እያለች እመት ጦጢት ከቁርበቱ ወጥታ ዛፍ ላይ ሰፈረች፤ የጭራዋ ግማሽ ግን እታች ቀረ። አያ ጅቦ ቁርበቱን በአፉ እንዳንጠለጠለ ፈረጠጠ። እመት ኤሊም ዋሱን የሚበላ ባለዋስ ዛሬ ገና አየሁ አለች።

ከዚያ በገዛ እግሯ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ አህዮቹ ሄደች። ማን ይጠብቃችሁ ብላ ጠየቀች። በመካከላቸው አንዲት አሮጌ አህያ ነበረች።

«ያን ውሻ አያሳየኝ» አለች አሮጊቷ። «ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ እሱ ባለበት እንቅልፍ የሚባል የለም። ሲነጋ ግን አንዳችንም አንጎድልም።»

እመት ኤሊ አፈረች። እንደ እሷ ያለ ዘገምተኛ የሚሮጠውን ያህል ሮጣ ውሻን ይቅር በለኝ አለችው፤ ዘበኛም አደረገችው። ስለ ሰፋሪውም የእህሉን ባለቤቶች ጠየቀች። ጥንቸልን አሟት፤ አንዲት ፍሬ እንዳትቀር ቁናውን እየደጋገመች ስታራግፍ ወረፋውን ታስረዝማለች ብለው። እመት ኤሊ ይህን እንደሰማች ቀጠረቻት። ወፍጮውም ከዚያ ቀን ወዲህ አህያ ጎድሎበት አያውቅም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ አድጋችሁ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ የሰውዬውን ወዳጅ አትጠይቁ፤ ወዳጅ ማሞገስ ነው ሥራው። በሰውዬው እጅ የሚወድቀውን ጠይቁ።

እኔ ተረቴን ፈጭቻለሁ፣ ዱቄቱን ተካፈሉት። ተረትሽ እውነት ነው ወይ፣ ዋስሽስ ማነው ካላችሁኝ ደግሞ፣ ዋሴ ያቺ አሮጌ አህያ ናት፤ ሄዳችሁ ጠይቋት።