ሰፋሪዋና የቴሌቪዥኑ ዳኛ

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አታምኑኝም። እንደማታምኑኝ ከአሁኑ እምላለሁ፤ ከዋሸሁ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።

አንዲት እህል ሰፋሪ ነበረች፤ ይታክቱ ትባላለች። በእኛ መንደር ገበያ ቁናዋን ይዛ ሠላሳ ዓመት ሰፍራለች። ፊደል የቆጠረችው ካገባች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቁጥር ግን ማንም አላስተማራትም። የጆንያውን ሆድ አየት አድርጋ ስንት ቁና እንደሚወጣው ትናገራለች፤ ከሳተች ጆንያው ቀዳዳ አለው ማለት ነው።

በቴሌቪዥን የቃልና የቁጥር ውድድር አለ፣ ሽልማቱም በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነው ሲባል መንደሩ መክሮ እሷን ላከ። እኛ ወፍጮ የለንም። ያለው ከወንዝ ማዶ ነው። መንገዱ ከመርዘሙ የተነሣ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ትታ እህል ልታስፈጭ የወጣች ሴት ስትመለስ ልጇ ጢም አብቅሎ በር ይከፍትላታል። ይህን እንደ ቀልድ እናወራዋለን። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሁለት ሴቶችን ከነስልቻቸው ሲወስድ ግን የሳቀ አልነበረም።

የውድድሩ ዕለት ሁላችንም የቀበሌው አዳራሽ ገብተን ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮልን። ከእሷ ጋር የሚወዳደረው ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ነው። ዳኛው ደግሞ ሊቅ ነው፤ አቅራቢው ማዕረጉን ዘርዝሮ እስኪጨርስ አንድ በሬ ታርዶ ይበላል። መጀመሪያ መ፣ ስ፣ ፈ፣ ሪ እና ያ የሚሉ ፊደላት ወጡና ቃል መሥርቱ ተባለ። ጎልማሳው ብዙ አስቦ «ፈሪ» አለ። ይታክቱ «መስፈሪያ» አለች። ያን ጊዜ ባጨበጨብነው ጭብጨባ አዳራሹ ሁለት ቆርቆሮ አጥቷል፤ እስካሁን ያፈሳል። እንዲህ እንዲህ እያለች በነጥብ ጥላው ሄደች።

የመጨረሻው ጥያቄ የቁጥር ነበር። ሃያ አምስት፣ አሥር፣ ስምንት፣ አራትና ሦስት ተሰጡ። በእነዚህ ሁለት መቶ አርባ ሦስትን አምጡ ተባለ። ሰዓቱ መቁጠር ሳይጀምር ይታክቱ መለሰች።

«ሃያ አምስት በስምንት ሁለት መቶ። አሥር በአራት አርባ። ሦስቱን ጣል አድርጉበት።»

ዳኛው ካርዱን አየ። «ተሳስተዋል። ካርዱ ይህ ጥያቄ መፍትሔ የለውም ይላል» አለ።

ይታክቱ እዚህ ላይ ነው ያጠፋችው። በእኛ ገበያ ስፍር ያጠራጠረው ሰው «ይመለስ» ይላል። እህሉ ወደ ጆንያው ይገለበጣል፣ ሌላ ሰው ቁናውን ይቀበልና በሁሉ ፊት እንደገና ይሰፍራል። ሰፋሪው አይቀየምም፤ የሚቀየም ሰፋሪ የሚደብቀው ነገር አለው። የቴሌቪዥኑም ቤት እንዲያ መሰላትና እጅ ነሥታ «ይመለስ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ይስፈሩት ጌታዬ» አለች።

የሊቁ ፊት በርበሬ መሰለ። እርስዎ ማለቱንም ረሳው። «እኔን ነው የምታርሚኝ? ይህን ትምህርት ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

«ያስተምሩ ጌታዬ፤ ማን ከለከለዎት። ሁለት መቶው ላይ አርባውን ይድፉበትና ይዩት ነው ያልኩት።»

ጎልማሳው በወረቀቱ ላይ ደመረ፤ ካሜራው አሳይቶናል። ልክ መሆኗን ሲያይ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው።

ዳኛው አቅራቢውን ጠርቶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። አቅራቢውም ፈገግ እንዳለ ወደ ይታክቱ ጆሮ ጠጋ አለ። ማይክራፎኑን መዝጋት ስለረሳ ሁላችንም ሰማነው። «እናቴ፣ ነጥብዎ እንደሆነ በቂ ነው። ይህ ባይቆጠርም ያሸንፋሉ። ‹ተሳስቻለሁ፣ ዳኛው ልክ ናቸው› ይበሉና ወፍጮዎን ይውሰዱ። እምቢ ካሉ ግን ዳኛ በመድፈር ይባረራሉ።»

አዳራሻችን እሷ የምትሰማው ይመስል «በይ እንጂ፣ በይ፣ ምን ቸገረሽ» ብሎ ተንጫጫ። እኔም ጮኼአለሁ፤ አልደብቅም። ይታክቱ ሪባን የታሰረለትን ወፍጮ አየችው። ቆይታ አየችው። ከዚያ «ሁለት መቶ አርባ ሦስት ነው» አለች።

ወፍጮው ለጎልማሳው ተሰጠ። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው አሉ፤ እዚያ ወጥቶ ምን እንደሚፈጭበት እግዜር ይወቀው።

ይታክቱ በአውቶቡስ ስትመለስ የተቀበላት ሰው የለም። በገበያው ቀን ቁናዋን ይዛ ብትቀመጥ ጆንያ ያመጣላት አልተገኘም። ወንዙ እህቷን የወሰደባት ሴት ፊቷ ቆመች። «አንዲት ቃል ብትወጣሽ ጥርስሽ ይረግፍ ነበር? እኔ በዚያ ወንዝ ነው የምመላለሰው፤ ሊቁ አይደለም» አለቻት። ይታክቱ አንገቷን ደፋች።

እኔን እስከ ዛሬ ጥርሴን የሚያፋጨኝ የሊቁ ስህተት አይደለም። ሰው ይሳሳታል። ስህተቱን ላለመመለስ የድሃ ሴት አፍ በወፍጮ ሊገዛ መነሣቱ ነው። ከእሱም ይብስ እኛ ነን፤ ውሸቱን የጠየቀው አንድ ዳኛ ነው፣ በይ በይ ያለው ግን አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ነው። እውነት ተናጋሪን ብቻውን የሚያስቀረው ጉልበተኛ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን እያወቀ ጥቅሙ የቀረበት ወገኑም ነው። እናንተስ እዚያ አዳራሽ ብትኖሩ ምን ትሉ ነበር?

እኛ እንደዚያ አኩርፈን ቆመን ሳለ እንዳላማው መጣ። እንዳላማው የገበያችን ተጠራጣሪ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይታክቱ በሰፈረችለት ቁጥር «ይመለስ» ያላለበት ቀን የለም። አንድም ቀን አጉድላ ስላላገኛት እንደተናደደ ነው የሚኖረው። ሰው አልመረቀም፣ ሰላምታም አልሰጠም። ጆንያውን ከጀርባው አውርዶ ፊቷ ዱብ አደረገውና ወደ እኛ ዞረ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ለወፍጮ ብላ ብትዋሽ ኖሮ፣ ወፍጮው የሚፈጨውን እህል ማንን አምነን እናሰፍር ነበር?»