አፈር ያነበበች አህያ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ አፈር አፍ በነበረው፣ ድንጋይም ሲረግጡት «ኧረ ቀስ» በሚልበት ዘመን፣ ከአንድ ሰፊ ዋርካ ሥር የእንስሳት ትምህርት ቤት ነበረ። መምህሩ ኤሊ ነበሩ። ሆዳቸው ከመሬት ስለማይርቅ ከእርሳቸው የተሰወረ ዱካ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም «የኔታ» ይሏቸው ነበር። የሚያስተምሩትም ዱካ ማንበብ ነው። ማን አለፈ? መቼ አለፈ? ወዴት ሄደ? ይህን ያላወቀ ወደ ወንዙ ወርዶ ውኃ አይቀምስም፤ በወንዙ ዳር ካለው ዋሻ አያ ጅቦ ይኖራልና።

በዚያ አገር እመት ቡላ የምትባል አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማለች። ልጇ ቦራ ግን ከጭነት በፊት ትምህርት ትቅመስ ብላ ወደ ዋርካው አመጣቻት። በመጀመሪያው ቀን ልጇን አድርሳ ከግንዱ ጀርባ ቆመች። በሁለተኛውም ቀን ቆመች። በሦስተኛው ቀን የኔታ አንገታቸውን ከቤታቸው፣ ላስተካክል፣ ከድንጋይ ልብሳቸው አወጡና፦

«እመት ቡላ፣ የምትጠብቂው ልጅሽን ነው ወይስ ትምህርቱን?» አሏት።

«የኔታ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን አፍ አለኝ? ጥርሴን የሚቆጥር ሁሉ አርጅታለች ብሎ ያልፈኛል።»

«አፈር ጥርስ አይቆጥርም፤ ግቢ» አሉ የኔታ።

ከቅርንጫፉ ላይ ጦጣ ሳቀች። «የኔታ፣ ለእርሷስ ትምህርቱን በስልቻ ቢያደርጉላት ይሻላል፤ ተሸክማው ትሄዳለች።» ተማሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። ቦራ አፍራ ጆሮዋን ጣለች። «እማዬ፣ ይቅርብሽ» አለች በሹክሹክታ።

እመት ቡላ ግን ገባች። የኔታ በአፋቸው የሚይዙት አንድ ኩሩ ስንጥር ነበረ፤ ጥያቄ የሚጠይቀው እርሱ ነው። ስንጥሩ በአፈሩ ላይ ያለ ምልክት ነካና፦

«ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«ጉድጓድ ነው።»

ተሳቀባት። ስንጥሩ ሁለተኛ ነካ። «አሁንስ?»

«ይህም ጉድጓድ ነው፤ ከፊተኛው ግን ያንሳል።»

አሁንም ተሳቀባት። ስንጥሩ ሦስተኛ ነካ። እመት ቡላ አፍንጫዋ አፈር እስኪነካ አጎነበሰች፤ ብዙ ቆየች። ከዚያም ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሁለት ጣት ሰኮና ነው። ድኩላ ነው። ይኸኛው እግሩ ጠልቋል፣ ያኛው ግን አፈሩን በወጉ አልነካም። ያነክሳል። ትናንት ከጫካው ዳር ያየሁት አንካሳ ድኩላ... በዚህ አልፏል።»

ማንም አልሳቀም። ቀና ስትል ምድር ሁሉ ሌላ ሆና ጠበቀቻት። ጉንዳኖች በመስመር አልፈዋል። ርግብ ስትነሣ የክንፏን ምልክት በአቧራው ላይ ጥላ ሄዳለች። ነፋስ የጎተተው የደረቀ ቅጠል እንኳ የሄደበትን ጽፏል። እመት ቡላ ለመራመድ እግሯን አነሣች፤ የምታሳርፍበት ግን አጣች።

«ለምን ቆምሽ?» አላት አፈር።

«የት ልርገጥ? ሁሉ ቦታ ተጽፏል። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጥ የኖርኩት ይህን ነው?»

«ርገጪ እንጂ። እግር ባይኖር እኔ በምን እጻፋለሁ? ዞረሽ ተመልከቺ፤ አንቺም አለሽበት።»

ዞረች። ከመንደሩ እስከ ዋርካው የሚመጣ የከበደ ዱካ አየች፤ የራሷ ነው። ከጎኑም አንዲት ትንሽ ዱካ ሳትርቅ፣ ሳትርቅ ተከትላዋለች። የቦራ ናት። እመት ቡላ ጆሮዋን አቁማ በትንሿ ዱካ ላይ አጎነበሰች።

ሌሎቹ ተማሪዎች ግን ትምህርቱን የሚይዙት በዜማ ነበር። ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው በቀን ሁለት ጊዜ፣ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ያዜማሉ፦

«ጣቱ ወዳየበት፣
እግሩ ሄደበት!»

ከቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ ሌላ ተማሪ ነበረ፤ ያልተመዘገበ። አያ ጅቦ ለሦስት ቀን ተጋድሞ ዜማውን በቃሉ ያዘ። በአራተኛው ቀን ረፋድ በድንጋይ በድንጋዩ እየተረማመደ ያለ ዱካ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ከዚያ በአፈሩ ላይ የኋሊት እየሄደ ወርዶ ዋሻው ገባ። ጣቶቹ ሁሉ ወደ ኮረብታው ያያሉ።

ቀትር ላይ ተማሪዎቹ ተጠምተው ወደ ወንዙ አመሩ። የኔታ ገና ከዋርካው ጥላ አልወጡም። ጦጣ ዱካውን በጨረፍታ አየችና፦

«ጣቱ ወዳየበት፣ እግሩ ሄደበት። አያ ጅቦ ኮረብታ ወጥቷል፤ ውረዱ» አለች። ቦራ ቀድማ ልትሮጥ ተነሣች።

«ቆዪ ልጄ» አለች እመት ቡላ። «አፈር ሆይ፣ ሄዷል ወይስ አለ?»

«ተጽፌልሻለሁ፤ አንብቢ» አላት አፈር።

አጎነበሰች። ጣቶቹ ኮረብታውን ያያሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጣቱ ሳስቷል፣ ተረከዙ ጠልቋል። ጭነት ይዛ ታልፍበት የነበረው የገደል ጠባብ መንገድ ትዝ አላት፤ ሌላ ባለጭነት ሲገጥማት እንዴት በተረከዟ እየዳሰሰች የኋሊት ትመለስ እንደነበር።

«ወደ ፊት የሚሄድ ጣቱን ይተክላል፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ተረከዙን። ይህ እግር አልወጣም፤ ገብቷል።»

«የኔታ እንዲህ ብለው አላስተማሩንም» አለች ጦጣ።

«የኔታ ጭነት ይዘው ገደል ሄደው አያውቁም፣ ልጄ።»

ከዚያም እመት ቡላ በኋላ እግሯ አንድ ድንጋይ መታች። ድንጋዩ «ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ» እያለ ተንከባልሎ ዋሻው አፍ ደረሰ። አያ ጅቦ የመጀመሪያው ተማሪ መጣልኝ ብሎ ዘሎ ነከሰው። ጥርሱ ረገፈ።

«ዜማውን አልሳትኩም ነበር እኮ» እያለ አፉን ይዞ ሸሸ። ይህን ጊዜ ጣቱን እየተከለ ነው።

ቦራ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ጥርስ አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች። ሄዳ ከጎኗ ተጠጋች።

የኔታ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አንገታቸውን አስረዝመው ዱካውን ብዙ አዩት። «መቶ ዓመት በአፈር ላይ ተሳብኩ፤ ይህን ግን አላየሁም። እመት ቡላ፣ እንደገና አስረጂኝ» አሉና ስንጥሩን ከፊቷ አኖሩላት።

ከዚያ ወዲያ ከዋርካው ሥር ጧት ልጆች፣ ከሰዓት እናቶችና አባቶች ይማሩ ጀመር። ጦጣም ከቅርንጫፏ ወርዳ ከእመት ቡላ እግር ሥር ተቀመጠች።

እመት ቡላ ባወቀችው ትምህርት አዳነቻቸው ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ላርመው። የተማረችውና የኖረችው ተገናኝተው አዳኗቸው።

ተረቴ እዚህ ቆመ። ስትነሡ የምትረግጡትን እያያችሁ ሂዱ፤ ዜማ ጆሮ ይሞላል፤ ዱካ ግን የሚያጎነብስን ይሻል።